ኮድ በዕቁብ

ባለፈው እሑድ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ በብሎካችን የጋራ ቤት ውስጥ ለሠፈሩ ወጣቶችና ወላጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ከስልክ ቅጂ ላይ እንዳለ ገለበጥኩት። የሳልኩበትንና ማይኩ የጮኸበትን ብቻ አወጣሁ።

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁም እንደምን ዋላችሁ! ድምፄ ይሰማል? መስኮቱ ጋ ያላችሁ ልጆች፣ ይሰማል? ጥሩ። ማይኩ ካስቸገረ እጃችሁን አውጡ፣ እኔ እጮሃለሁ።

መጀመሪያ ምስጋና። ይህ አግዳሚ ወንበር የዕድራችን ነው። ወትሮ የሚወጣው ለለቅሶ ነው። ዛሬ ለኮምፒውተር ወጣ። ሁልጊዜም ለእንዲህ ያለው ያውጣው፣ አሜን በሉ። አሜን!

እማማም መጥተዋል። ታች በሩ ጋ ጉሊት ላይ ድንችና ሽንኩርት የሚሸጡልን እማማ፣ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። «ልጄን ልጠብቅ ነው እንጂ ኮምፒውተር ምን ያደርግልኛል» ብለውኛል በር ላይ። ይቀመጡ እማማ። በኋላ አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ነፃ ትምህርት ነው። ፕሮግራሚንግንና ኮምፒውተር ሳይንስን ሳይከፍሉ፣ ከቱሉ ዲምቱ ሳይወጡ፣ ለራስ በራስ ስለ መማር። ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ምን ምን አለ። ሁለተኛ፣ ይህ ሁሉ እያለ ለምን አንጨርስም። ሦስተኛ፣ ምን እናድርግ። እውነቱን ለመናገር የመጣሁት ለሦስተኛው ነው። ሁለቱ ወደ እሱ የሚወስዱ ታክሲዎች ናቸው።

ግን እኔ ማን ነኝ? ብዙዎቻችሁ ጠዋት ሰልፍ ላይ ታዩኛላችሁ፤ ያ ሁልጊዜ የቻርጀር ገመድ ከቦርሳው የሚንጠለጠልበት ሰውዬ ነኝ። አሁን ለሱቆችና ለመጋዘኖች የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ከዚያ በፊት ቃሊቲ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መጋዘን ውስጥ ንብረት ክፍል ነበርኩ። ስድስት ዓመት። ሚስማር ሲገባ መጻፍ፣ ሚስማር ሲወጣ መጻፍ። ቢን ካርድ፣ ያ የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ፣ የሚያውቀው አለ? እጅ አውጡ! አዎ፣ አንድ አባት አሉ። የንብረት ክፍል ሰው በጣቱ ላይ ባለው ካርቦን ይተዋወቃል።

መጋዘኑ ሰለቸኝና መሃል ከተማ አንድ ማሠልጠኛ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። የሦስት ወር ደሞዜን ከፈልኩ። ማስታወቂያው ላይ «ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ» ይላል። ገብተን ስድስት ሳምንት ሙሉ የተማርነው ወርድና ኤክሴል ነው። ሰባተኛው ሳምንት ላይ አስተማሪው ቀረ። ስምንተኛውም ላይ ቀረ። ሰርተፊኬቱ ግን አልቀረም፣ በሰዓቱ መጣ። ጠርዙ ወርቃማ ነው። እናቴ ፍሬም አሠርታ ሳሎን ሰቀለችው። እንግዳ ሲመጣ «ኢንጂነር ነው» ትላለች። ከዚያ ወዲህ በብሎካችን ሶኬት በተቃጠለ ቁጥር የሚጠራው እኔ ነኝ። (ሳቅ)

ስለዚህ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ልጃችሁ «ለኮዲንግ ክፈሉልኝ» ሲላችሁ ቆም በሉ። አትክፈሉ አላልኩም። ግን በነፃ ያለውን መጀመሪያ ይሞክረው። ሦስት ወር በነፃው ያልገፋ ልጅ በክፍያውም አይገፋም።

እሺ፣ አንደኛው። ምን ምን አለ?

ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የኮርሶቼን ማስታወሻ፣ የቤት ሥራ፣ ፈተናውን ሳይቀር ኢንተርኔት ላይ በነፃ እለቃለሁ ብሎ ያወጀው በፈረንጆቹ 2001 ነው። በዓመቱ የመጀመሪያዎቹን 50 ኮርሶች ለቀቀ። ኦፕን ኮርስዌር ይባላል፣ ዛሬም አለ። ያኔ እኛ እዚህ ሠፈር ገና ቤት አልተሠራልንም፣ ሜዳ ነበር።

ለጀማሪ ግን ከዚያ ጀምሩ አልልም፤ ይከብዳል። ለጀማሪ አንድ ብቻ ጥራ ብትሉኝ ሲኤስ50 እላለሁ። የሃርቫርድ መግቢያ ኮርስ ነው። መምህሩ ዴቪድ ማላን ይባላል፤ በፈረንጆቹ ከ2007 ጀምሮ ኮርሱን የያዘው እሱ ነው። ስክራች በሚባል፣ ሕፃናት እንኳ ብሎክ እያገጣጠሙ በሚጫወቱበት ቋንቋ ይጀምራል። ትስቃላችሁ፣ ደስ ይላችኋል። በማግስቱ ሳምንት ሲ የሚባለው ቋንቋ ውስጥ ይወረውራችኋል። እዚያ ጋ ብዙ ሰው ይወርዳል፤ ልክ ሳሪስ ላይ ታክሲው እንደሚራገፈው። የቆየ ሰው ግን ፓይተን የሚባለው ሌላ ቋንቋ ይደርሳል፣ ዳታቤዝ የሚሉት የመረጃ ማከማቻ ይደርሳል፣ መጨረሻ ላይ ዌብሳይት ይሠራል።

ሰርተፊኬት የምትወዱ ልጆች፣ ስሙኝ። ኤድኤክስ በሚባለው ድረ ገጽ በኩል የሚሰጠው በክፍያ ነው። ሲኤስ50 በራሱ ገጽ የሚሰጠው ደግሞ ነፃ ነው፤ የቤት ሥራውን ሁሉ ሠርቶ ላስረከበ። ወርቃማ ጠርዝ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ማላን መድረክ ላይ ወፍራም የስልክ ማውጫ ይዞ ይወጣል። አንድ ስም ሊፈልግ ነው። ከገጽ አንድ አይጀምርም። መሃሉን ይከፍታል። ስሙ ከዚህ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? ወዲያ ከሆነ የፊተኛውን ግማሽ ቀድዶ ይወረውረዋል። የቀረውን ደግሞ መሃሉን ይከፍታል። ደግሞ ይቀድዳል።

ይህን ያየሁት መጋዘን ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጬ ነው። ዞር ብዬ የቢን ካርድ ሳጥኔን አየሁት። ሺህ ገደማ ካርድ ይዟል። የአንድ ቱቦ ካርድ ስፈልግ ከፊት ጀምሬ አንድ በአንድ ነበር የማገላብጠው። ስድስት ዓመት ሙሉ! የዚያን ቀን ከሰዓት ካርዶቹን በዕቃ ቁጥራቸው ደረደርኳቸው። ከዚያ መሃል እከፍታለሁ፣ ግማሹን እተዋለሁ፣ የቀረውን መሃል እከፍታለሁ። እስቲ አብረን እንቁጠር፤ 1000፣ 500፣ 250፣ 125፣ 62፣ 31፣ 15፣ 7፣ 3፣ 1። ስንት ጊዜ ሆነ? አስር። ቢበዛ አስር ጊዜ ከፍቼ አገኘዋለሁ። አለቃዬ «ዛሬ ምን በልተህ ነው?» አለኝ። «ግማሹን እየጣልኩ ነው» አልኩት። የካርዱን ግማሽ የጣልኩ መስሎት ሮጦ መጣ። (ሳቅ)

ልብ በሉ፣ እስካሁን አንድ መስመር ኮድ አልጻፍኩም። ፕሮግራሚንግ ለማሽኑ መንገር ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ደግሞ ምን ብዬ ልንገረው የሚለውን ማሰብ ነው። ሁለቱንም ተማሩ።

አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህቺን ሳልናገር ብሄድ አልተኛም። በአማርኛ ሜሴጅ ስትልኩ ቶሎ እንደሚሞላ አስተውላችኋል? በእንግሊዝኛ አንድ ሜሴጅ 160 ፊደል ይይዛል። በእኛ ፊደል ስትጽፉ 70 ላይ ያበቃና ሁለተኛ ሜሴጅ ይሆናል። ሁለት ሜሴጅ፣ ሁለት ሒሳብ። ለምን? ፊደላችን ተጠልቶ ነው? አይደለም። አንድ ሜሴጅ 140 ባይት የሚይዝ ማዳበሪያ በሉት። ባይት የኮምፒውተር መስፈሪያ ነው፤ አንዱ ስምንት ቢት፣ ማለት ስምንት ዜሮ ወይም አንድ፣ ይይዛል። የእንግሊዝኛው ፊደል ትንሽ ነው፤ በ7 ቢት ይታጨቃል፣ 160 ይገባል። የእኛ አንዱ ፊደል እዚያ ማዳበሪያ ውስጥ ሁለት ባይት ይይዛል። 140 ለሁለት ሲካፈል? 70! አለቀ። ይህን ያወቅኩ ሰሞን ለሰው ሁሉ አወራሁ። ባለቤቴ «ሰውዬ፣ ሰባውን ተውና እንጀራውን ብላ» አለችኝ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ፍሪኮድካምፕ አለ። ክዊንሲ ላርሰን የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 2014 የጀመረው ነው፣ ለትርፍ የቆመ አይደለም። ዌብሳይት መሥራት ለሚፈልግ ይህ ነው። ትምህርቱ በአብዛኛው ጽሑፍ ነው፤ እያነበባችሁ እዚያው ትጽፋላችሁ፣ ትክክል ካልሆነ አያሳልፋችሁም። ጽሑፍ መሆኑን አትናቁት። አንድ ሰዓት ቪዲዮ የሚበላው ሜጋ ባይት በጽሑፍ ሳምንት ያቆያችኋል። ኦዲን ፕሮጀክት የሚባልም አለ፣ ከዚያ ጠንከር ይላል። ሒሳብ ያስፈራኛል የሚል ካን አካዳሚ ይግባ። ሳልማን ካን አንዲት የዘመዱን ልጅ ሒሳብ ሲያስጠና ነው የጀመረው፤ ስለዚህ አነጋገሩ እንደ ታላቅ ወንድም ነው።

ኮምፒውተር ከውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ካላወቅኩ አልተኛም የሚል ደግሞ አይጠፋም። ለእሱ ናንድ ቱ ቴትሪስ የሚባል ኮርስ አለ። «በር» ከሚሏት፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ምልክት ተቀብላ አንድ ከምታወጣ ትንሽ ክፍል ተነስታችሁ፣ ሙሉ ኮምፒውተር ሠርታችሁ፣ ላዩ ላይ ጌም እስክታጫውቱ ያደርሳችኋል። ሁሉም በሶፍትዌር ነው፣ ብየዳ የለበትም። እኔ ግማሽ ላይ ቆሜያለሁ። አንድ ቀን እመለስበታለሁ።

የአገራችንም አለ። የ5 ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለው፣ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው። በነፃ ትመዘገባላችሁ፣ ስትጨርሱ ሰርተፊኬት አለው። የእኔ አስተያየት? በር ነው። በሩ ላይ ፎቶ ተነስታችሁ ፌስቡክ ላይ ለጥፋችሁ አትመለሱ። ግቡ። በአማርኛ የሚያስተምሩ የዩቲዩብ ቻናሎችም ሞልተዋል። አንዳንዱ ሸጋ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ለግማሽ ሰዓት «ሰብስክራይብ አድርጉ» ይላል።

አንደኛው አለቀ። አያችሁ፣ ችግሩ የትምህርት እጦት አይደለም። ታዲያ ሁለተኛው፤ ለምን አንጨርስም? ለምን? እጅ አውጡ፣ ኮርስ ጀምሮ ያቆመ። ኧረ አትፈሩ! ይኸው፣ ግማሹ ቤት። የእኔም እጅ ወጥቷል። አንድ ሰሞን ስልኬ ላይ 11 ኮርስ ጀምሬ ነበር። ስንቱን ጨረስኩ? ዜሮ።

መሰብሰብ ራሱ ሱስ ነው። ቴሌግራም ላይ «ምርጥ 50 ነፃ ኮርሶች» የሚል ይመጣል። ሴቭ። ሌላ ይመጣል። ሴቭ። ማታ ስትተኙ የተማራችሁ ይመስላችኋል። እኔም ዛሬ ዝርዝር ሳበዛባችሁ ያው ጥፋት እየሠራሁ ነው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ከአሁኑ ልናገር፤ ከጠራሁላችሁ ውስጥ አንዱን ያዙ፣ ሌላውን እርሱት።

ሁለተኛው በሽታ ማየት ነው። ቪዲዮ ታያላችሁ፣ ሰውዬው ይጽፋል፣ እናንተ ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ። ገባኝ! ቪዲዮው ያልቃል፣ ባዶ ስክሪን ፊታችሁ ይቀራል። አንድ መስመር አይመጣም።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። የሲኤስ50 መጀመሪያ አካባቢ አንድ የቤት ሥራ አለ። ሰው ቁጥር ይሰጣችኋል፣ 4 ካለ በ# ምልክት አራት ረድፍ ያለው ደረጃ ትሠራላችሁ። ከላይ አንድ፣ ከታች አራት፣ ወደ ቀኝ ተጠግቶ። ቀላል አይመስልም? ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። የእኔ ደረጃ ወደ ግራ ተጣብቆ እንቢ አለ። ብለምነውም፣ ብረግመውም ወደ ግራ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጋዘን ግቢ ብሎኬት እየቆጠርኩ ነበር። ብሎኬቱ በስተቀኝ ግድግዳ ተደግፎ በደረጃ ተደርድሯል። አየሁት። ከላይ አንድ ብሎኬት፣ በግራው የሦስት ብሎኬት ባዶ ቦታ። ቀጥሎ ሁለት ብሎኬት፣ ሁለት ባዶ። ሦስት ብሎኬት፣ አንድ ባዶ። አራት ብሎኬት፣ ባዶ የለም። ብሎኬቱ በጨመረ ቁጥር ባዶው ይቀንሳል፣ ድምራቸው ሁሌ አራት ነው! ለካ ባዶ ቦታውንም መጻፍ ነበረብኝ። እኔ ስድስት ዓመት ብሎኬቱን ብቻ ስቆጥር ኖሬያለሁ። ባዶ የሚቆጥር ንብረት ክፍል የት አለ?

የካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፍኩት። ማታ ቤት ገብቼ ሞከርኩት። ሠራ። ወደ ቀኝ ተጠጋ! ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። ባለቤቴን ቀሰቀስኳት። ተነስታ አየችው። «ይሄ ነው?» አለች። ተመልሳ ተኛች። እኔ ግን እስኪነጋ አልተኛሁም።

ስለዚህ አንድ ሰዓት ካያችሁ ሁለት ሰዓት ጻፉ። ሲሳሳት ኤረሩን፣ የስህተት መልእክቱን፣ አንብቡት፤ ቀይ ስለሆነ አትደንግጡ። «ቻትጂፒቲ ይጽፍልን የለም ወይ?» የምትሉም አላችሁ፣ አያችኋለሁ። ይጽፋል። ግን እሱ ጽፎ እናንተ ትማራላችሁ? ሲኤስ50 እንዲህ ያለውን ለቤት ሥራ መጠቀም ይከለክላል። በምትኩ የራሱ ዳክዬ አለው። አዎ፣ ዳክዬ የሚሉት እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ፕሮግራም። ችግራችሁን ትነግሩታላችሁ፣ መልሱን ከመስጠት ይልቅ እየጠየቀ ወደ መልሱ ይመራችኋል። እንደ ጥሩ የንስሐ አባት በሉት።

ከዚያ ሰበቦች አሉ። ሰበብ ብዬ ልናቃቸው አይደለም፣ እውነተኛ ናቸው። «ላፕቶፕ የለኝም።» እሺ። አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ ፓይድሮይድ 3 የሚባል አፕ አለ። ፓይተን ይጻፍበታል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጣት ያማል፣ አልዋሽም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ግን ይበቃል። «ዳታ ውድ ነው።» ልክ ነው። የሌሊት ጥቅል ግዙ፣ ቪዲዮውን በዝቅተኛ ጥራት አውርዱ፤ የማላንን ፊት ጥርት አድርጋችሁ ማየት አያስፈልጋችሁም። ኪዊክስ የሚባልም አለ፤ ውክፔዲያንና የፕሮግራመሮችን ጥያቄና መልስ አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ያለ ኔትወርክ ታነባላችሁ።

«እንግሊዝኛ አልችልም።» ይህኛው ላይ ቆም ልበል። የቪዲዮው እንግሊዝኛ ይከብዳል፣ አዎ። ጽሑፉን ከታች እያበራችሁ ደጋግማችሁ እዩት። ቋንቋው ራሱ ግን፣ ፓይተን፣ ስንት የተቆለፉ ቃላት፣ ማለት ለራሱ ሥራ ብቻ ያስቀራቸው ቃላት፣ ያሉት ይመስላችኋል? 35። ሠላሳ አምስት ብቻ! ከሀ እስከ ፐ 33 ረድፍ፣ እያንዳንዱን በሰባት ቤት የቆጠረ ሕዝብ 35 ቃል ያቅተዋል? ሌላ ምሥጢር ልንገራችሁ። ፓይተን ውስጥ ለነገሮች የምትሰጡት ስም በአማርኛ ፊደል ቢሆን ይቀበላል። እኔ ዋጋ = 24፣ ኪሎ = 13 ብዬ ጻፍኩ፣ በእኛው ፊደል። ከዚያ ዋጋን በኪሎ አባዝተህ አሳየኝ አልኩት። ምንም ሳያጉረመርም አሳየኝ።

ስንት መጣ? እማማ፣ አሁን ነው የምጠይቅዎት። 13 ኪሎ ድንች፣ ኪሎው በ24 ብር። ስንት?

(እማማ «312» አሉ። ስልኩን ያወጣ ልጅ ገና ካልኩሌተሩን እየፈለገ ነበር። ጭብጨባ።)

312! እንዴት ሠሩት እማማ? ሰማችሁ? «የአስሩ 240፣ የሦስቱ 72፣ ድመረው» አሉ። ይሄ አልጎሪዝም ነው፤ ሥራን ደረጃ በደረጃ መሥሪያ መንገድ። ስሙን ሳያውቁት ሲሠሩበት ኖረዋል።

እስቲ ሌላ መንገድ ላሳያችሁ፣ ካርቶን አቀብሉኝ። በግራ 13፣ በቀኝ 24። ግራውን ለሁለት እከፍላለሁ፣ ትርፍራፊውን እጥላለሁ። ቀኙን እጥፍ አደርጋለሁ። 6 እና 48። 3 እና 96። 1 እና 192። አሁን በግራ በኩል ሙሉ ቁጥሩ ለሁለት እኩል የሚከፈል ከሆነ ረድፉን ሰርዙት። 6 ይሰረዝ። የቀሩትን የቀኝ ቁጥሮች ደምሩ፤ 24፣ 96፣ 192። ስንት? 312! ማባዣ ሰንጠረዥ አላስፈለገም። ግማሽ ማድረግና እጥፍ ማድረግ ብቻ።

ይህን ከየት አገኘሁት? ሮዜታ ኮድ የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለ። አንዱን ጥያቄ በብዙ የፕሮግራም ቋንቋ ሠርቶ ጎን ለጎን ያሳያል። እዚያ ስዞር «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚል አየሁ። ዓይኔን አሸሁ። ይኸው ዘዴ ነው። በጥንት ግብፅም ተመሳሳዩ ነበር፤ ሌሎች ደግሞ የራሺያ ገበሬዎች ዘዴ ይሉታል። የባለቤትነት ክርክር ውስጥ አልገባም። ግን ከዓለም ዙሪያ ያሉ ፕሮግራመሮች በአገሬ ስም የተጠራ ሒሳብ ሲለማመዱ ሳይ፣ ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ ብቻዬን ደረቴን ነፋሁ። ኮምፒውተርም በውስጡ ሲያባዛ ከዚህ የራቀ አይሠራም፤ ቁጥርን በዜሮና በአንድ ብቻ ስለሚጽፍ፣ ለእሱ እጥፍና ግማሽ ማድረግ ቁጥሩን አንድ ቤት ወደ ጎን መግፋት ነው። ማታ ቤት ገብታችሁ ይህን በፓይተን ጻፉት። የቤት ሥራ ሰጠኋችሁ።

አሁን ሦስተኛው። የመጣሁበት።

ዕቁብ ለምን ይሠራል? እናቶች፣ ንገሩን። ገንዘብ ስለሚያስቀምጥ? ባንክም ያስቀምጣል። ዕቁብ የሚሠራው ስለሚያሳፍር ነው! እሑድ ደርሶ ሳትጥሉ ብትቀሩ ሰኞ በደረጃው ላይ ከዳኛው ጋር እንዴት ዓይን ለዓይን ትተያያላችሁ? ጎረቤት አለ፣ ዋስ አለ፣ ጸሐፊ አለ። ብቻችሁን ቢሆን ኖሮ ያን ገንዘብ በሁለተኛው ሳምንት ትበሉት ነበር። ኮርሱንም የምንበላው ብቻችንን ስለሆንን ነው።

ስለዚህ የኮድ ዕቁብ እንጀምር። የምንጥለው ብር አይደለም፣ ሥራ ነው። አንድ ኮርስ እንመርጣለን፣ አንድ ብቻ። አስራ ሁለት ሰው፣ በየእሑዱ እዚህ ቤት፣ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት። ሁሉም የሳምንቱን የቤት ሥራ ይዞ ይመጣል። ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው የደረሰው ሰው ተነስቶ ኮዱን በቴሌቪዥኑ ላይ ያሳያል፣ መስመር በመስመር ያስረዳል። ማን እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ሁሉም ተዘጋጅቶ ይመጣል። ከብር ዕቁብ የሚለየው አንድ ነገር፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ስም ተመልሶ ኩባያው ውስጥ ይገባል። አለዚያ በመጀመሪያው ሳምንት የወጣ ሰው እስከ መጨረሻው ተኝቶ ይከርማል። አውቃችኋለሁ።

ከንቱ ሐሳብ አይደለም፣ ሞክረነዋል። ባለፈው ዓመት በእኔ ቤት በአምስት ሰው ጀመርን። አንዱ አዳማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። አንዱን ያባረርኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ። ኮዱን ሲያሳይ አንዲት ቅንፍ ረስቶ ፕሮግራሙ አልነሳ አለው፣ እኔ ሳቅኩ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፣ ከዚያም አልመጣም። አሁንም መንገድ ላይ ሰላም ይለኛል፣ ግን አይቆምም። ስለዚህ ደንብ ወጥቷል፤ ሰው ሲሳሳት የሳቀ ለሁሉም ቡና ያፈላል። ሦስታችን ጨረስን። አንደኛው ባጃጅ ነጂ ነው። ዛሬ የአደባባዩ ተራ አስከባሪዎች ስልክ ላይ የባጃጅ ተራ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ የእሱ ሥራ ነው። ተራዬን ዘለለኝ ብሎ የሚጣላ አሁንም አለ፤ ያን ኮድ አይፈታውም።

ዳታውንም በዕቁብ ነው። አንድ ሰው በሌሊት ጥቅል ያወርዳል፣ የቀረው በፍላሽ ይገለብጣል። «ሌብነት አይሆንም?» ያልሽኝ እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የሲኤስ50ም የኤምአይቲ ኦፕን ኮርስዌርም ፈቃድ የባለቤቱን ስም እስከጠቀሳችሁና እስካልነገዳችሁበት ድረስ ማባዛት ይቻላል ይላል። ስለዚህ ገልብጡ። አትሽጡ። ታች ሙዚቃ ቤት ወስዳችሁ በሃያ ብር ስትቸበችቡት እንዳላይ።

እያንዳንዱ ሰው አንድ ዋስ ያምጣ። ዋሱ ኮድ ማወቅ የለበትም። ቅዳሜ ማታ «ለነገ ሠርተሃል?» ብሎ መጠየቅ የሚችል ሰው ይሁን። እናት ከሆነች ደግሞ ምን ይሻላል።

ፍላሹ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ የሲኤስ50 ትምህርቶች፣ ለዊንዶውስ የሚጫን ፓይተን፣ የፓይተን መመሪያና ኪዊክስ አለበት። ቫይረስ አስገብታችሁ እንዳትመልሱልኝ። ጸሐፊያችን የእማማ ልጅ ናት፣ ስም እየመዘገበች ነው። እስካሁን ሰባት ሞልቷል፣ አምስት ቦታ ቀርቷል። እማማ፣ የእሷ ዋስ እርስዎ ነዎት፣ ተስማማን? «እኔማ ከድንቹ ቀድሜ እጠይቃታለሁ» ብለዋል፣ ተመዝግቧል። በሉ ፍላሽ ያላችሁ በቀኝ፣ በስልክ የምትወስዱ በግራ ተሰለፉ። መብራት ሳይሄድ፣ ቶሎ ቶሎ!